ለጋምቦ ላይ ውርጩ መሬቱን አንስቶ ጠጠሩን በመስመር ደርድሮታል፣ ይሄ ነገር ምንድነው?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ታህሳስ መግቢያ ላይ የአባቴ አጎት አርፈው (አላህ ይዘንላቸው) ለለቅሶ ወደ ለጋምቦ ወጣን፣ ከአቀስታ አልፎ ወደ አምባ ፈሪት በኩል ያለ መንደር ነው። ከደሴ ስንነሳ አንድ ጃኬት ይበቃኛል ብዬ ነበር፣ ጉጉፍቱ ስንደርስ ግን ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጣቴ አልታጠፍ አለኝ። ሌሊቱን ከሽማግሌዎቹ ጋር ድንኳን ውስጥ አደርን፣ ማደር ከተባለ፣ ጥርሳችን ሲንቀጫቀጭ ነጋ በሉት።

ለሱብሂ ውዱእ ላደርግ የስልኬን መብራት ይዤ ወደ ምንጩ ስወርድ መሬቱ እግሬ ስር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ጎንበስ ብዬ ሳበራበት አፈሩ ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ቅርፊት ከመሬት ተነስቷል፣ ከስሩ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ የበረዶ ክሮች ታጭቀው እንደ ጫማ ብሩሽ። በጣቴ ለካሁት፣ ሁለት አንጓ ሞልቶ ትንሽ አለፈ፣ ቤት መጥቼ በማስመሪያ ሳየው ወደ 4 ሳንቲ ነው። ክሮቹ አናታቸው ላይ አፈርና የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ተሸክመዋል። አንዱን ጠጠር በጣቴ ስነካው ክሮቹ እንዳሉ ዘመሙና ጠጠሩ ወደ ታች ተንከባለለ። ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳይ ሁሉም ሟሟቶ የለም፣ መሬቱ እንደ ጨጓራ ተቦርቡሮ ቀርቷል።

ይሄ አንድ። ሁለተኛው፣ እዛው ተዳፋቱ ላይ ሳር የሌለበት ቦታ ጠጠሩ መስመር ሰርቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንድ መስመር ጠጠር አንድ መስመር ደቃቅ አፈር፣ እንደገና ጠጠር እንደገና አፈር፣ ሰው በማበጠሪያ ያበጠረው ነው የሚመስለው። የአንዱ መስመር ስፋት ስንዝር አይሞላም። ሦስተኛው ከዛ ከፍ ብሎ ጓሳ የለበሰው ዳገት ላይ ነው፣ መሬቱ እንደ ምላስ ወደ ታች ተዘርግቶ ተዘርግቶ ግንባሩ ላይ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ እብጠት አለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ደረጃ መስሏል።

የአባቴ የአጎት ልጅ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ይሄ መሬት ድንጋይ ይወልዳል፣ ገብሱን ከመዝራታችን በፊት ለቅመን እንጨርሳለን፣ በዓመቱ እንደገና ሞልቶ ታገኘዋለህ» ነው ያለኝ። ሰው ሰርቶት ነው ወይስ ጎርፍ ነው ወይስ ሌላ? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።


ኮምቦልቻዊው

ወንድሜ መጀመሪያ አላህ ያጥናችሁ። ሁለተኛ እኛ እዚህ ታች ፋን አብርተን ነው የምንተኛው አንተ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ የበረዶ ብሩሽ ስትለካ አገኘሁህ 😂

ለቁም ነገሩ፣ ኮንስትራክሽን ላይ ነው የምሰራው ስለዚህ መሬት ሲነሳ ብዙ አይቻለሁ። ያንተ ሁለት ነገር ነው። መርፌው ቀላል ነው፣ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 ከመቶ ያብጣል፣ ሃይላንድ ሞልተህ ፍሪዘር ብትከተው ይፈነዳል አይደል እሱ ነው። መሬቱ የተነሳውና ድንጋይ የሚወልደው ግን ዋልካ ስለሆነ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤት ከነመሠረቱ ያነሳል፣ ድንጋይም ወደ ላይ ይገፋል። አንድ ሥራችን ላይ የግቢውን አጥር ሰርተን በሁለተኛው ክረምት እንደ እባብ ተጠማዘዘብን፣ ከኪሳችን አውጥተን ነው እንደገና ያቆምነው። መስመር መስመር የሆነው ጎርፍ ነው ብዬ እገምታለሁ። ደረጃው ደግሞ የከብት መንገድ።


ጥቁር_አፈር (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ኮምቦልቻዊው የዋልካው እውነት ነው ቦታው ግን አይደለም፣ ቅር አይበልህ። የጦሳ ልጅ ጥሩ ዓይን አለህ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ተማሪዎቼ እንዳንተ ቢያዩልኝ ምን ነበረበት። ያየኸው ሦስት ነገር ነው፣ የሁለቱ አባት ያለ ጥርጥር ውርጭ ነው፣ ሦስተኛው ላይ እመጣበታለሁ።

ከመርፌው ልጀምር። 9 ከመቶዋ ትክክል ናት ግን ሂሳቡን እንስራው። 10 ሳንቲ ጥልቀት ያለው አፈር ግማሹ ውሃ ነው እንበል፣ በጣም የራሰ አፈር ማለት ነው። 5 ሳንቲ ውሃ ሆነ። የ5 ሳንቲ 9 ከመቶ ስንት ነው? ግማሽ ሳንቲ እንኳ አይሞላም። ሰውዬው የለካው 4 ነው። የቀረው ከየት መጣ? ከስር ነዋ። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ጋቢ የሚሆነው ደመና የለም፣ የአፈሩ ገጽ ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል። ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ሲወርድ አናቱ ላይ በረዶ ይጀምራል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ይጠማዋል፣ የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች እንደሚስበው ያልቀዘቀዘውን ውሃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ከስር እየሳበ ራሱ ላይ ይጨምራል። መርፌው የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከእግሩ ነው፣ ጸጉር እንደሚያድገው። አፈሩንና ጠጠሩን አናቱ ላይ ተሸክሞ የተነሳው ለዚህ ነው። ኒድል አይስ ይሉታል፣ የበረዶ መርፌ እንበለው ምን ቸገረን።

ማብጠቱ ዋናው እንዳልሆነ ድሮ ነው የተረጋገጠው። ስቴፈን ታበር የሚባል አሜሪካዊ ጂኦሎጂስት በ1929 እና 1930 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ አፈሩን በውሃ ፋንታ በቤንዚን አርሶ አቀዘቀዘው (መኪና የሚጠጣው ቤንዚን አይደለም፣ ኬሚካሉ)። ያ ፈሳሽ ሲረጋ እንደ ውሃ አያብጥም፣ ይኮማተራል። አፈሩ ግን እንዲያም ሆኖ ተነሳ። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅኩ፣ ሰው ሁሉ ሃይላንዱን ሲያፈነዳ እሱ የማያብጥ ነገር ፈልጎ ተከራከረ።

አፈሩም ይመርጣል። ሸካራ አሸዋ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ውሃ አይስብም፣ ዋልካ ደግሞ አጥብቆ ይስባል ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ውሃው በአንድ ሌሊት አይደርስለትም። ሲልት የምንለው እንደ ዱቄት የላመው ነው ለመርፌ የሚመቸው። ኮምቦልቻዊው ለመለየት ከፈለግክ ሁለት ነገር አለህ። አንደኛ ወቅቱ፣ ዋልካ የሚያብጠው ክረምት ነው ይሄ የተነሳው ታህሳስ ነው ያውም በአንድ ሌሊት ተነስቶ በ3 ሰዓት ወረደ። ሁለተኛ እጅህ፣ ዋልካውን አርሰህ በመዳፍህ ብታንከባልለው እንደ ገመድ ይረዝማል፣ የዛ ከፍታ ጥቁር አፈር ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው፣ ትንሽ ረዘም ሲል ይበጠሳል።

አሁን መስመሩ። ጠጠርና ደቃቅ አፈር ተደባልቆ ተዳፋት ላይ ተኝቷል እንበል። በአጋጣሚ ደቃቁ በዛ ያለበት ቦታ ውሃ ይይዛል፣ ውሃ የያዘው መርፌ ያበቅላል፣ መርፌው ጠጠሩን አንስቶ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ጎን ይጥለዋል። ነገ ሌሊት እዛው ቦታ ጠጠር ቀንሷል ደቃቅ በዝቷል፣ ስለዚህ ከትናንቱ የበለጠ ያበቅላል። ጠጠሩ የወደቀበት ቦታ ደግሞ ውሃ አይዝ፣ መርፌ አያወጣ፣ ዝም ብሎ ይጠራቀማል። ያለው ይጨመርለታል የሌለው ይወሰድበታል አይነት ነገር። ሜዳ ላይ ከሆነ ይሄ ነገር ክብ ወይም የንብ እንጀራ ቅርጽ ይሰራል፣ መሬቱ ዘንበል ሲል ክቡ ተጎትቶ ይረዝምና ያንተ መስመር ይሆናል። የጎርፍ ቦይ ቢሆን ኖሮ እየተገናኘ እየወፈረ ይሄድ ነበር፣ ይሄ ግን እኩል ተራርቆ ነው የሚወርደው አይደል?

ድንጋይ ስለሚወልደው መሬት፣ የአጎትህ ልጅ እውነቱን ነው። አፈሩ ሲነሳ ድንጋዩንም አብሮ ያነሳዋል፣ ከስሩ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ሲሟሟ ደቃቁ አፈር ቀድሞ ይገባና ቦታውን ይይዝበታል፣ ድንጋዩ ወደነበረበት መመለሻ የለውም። ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። ቀዝቃዛ አገር ያሉ ገበሬዎችም ይሄንኑ ነው የሚያማርሩት። በርግጥ እናንተ ጋ ትልልቁን የሚያወጣው ማረሻውና አፈሩን የሚያጥበው ዝናብም ነው፣ ሁሉን ለውርጭ አልሰጥም፣ የአንድ ሌሊት ቅዝቃዜ ጥልቅ አይገባም።


እሙ_ሐያት

ጥቁር አፈር ጀዛከላህ፣ እኔ እኮ የዛው የለጋምቦ ልጅ ነኝ አሁን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ይሄን ነገር በእግሬ ነው የማውቀው። ልጅ ሆነን በባዶ እግራችን በጎች ስናወጣ መሬቱ ሲንኮሻኮሽ ደስ ይለን ነበር፣ ማን ብዙ ይሰብራል እያልን እየሮጥን እንረግጠው ነበር፣ ከዛ እግራችን ተሰነጣጥቆ ማታ እናቴ ቅቤ እየቀባች ትቆጣናለች።

እኛ ጋ አመዳይ የሚባለው ሳሩ ላይ የሚያርፈው ነጩ ነው፣ ይሄ መሬቱን የሚያነሳው ግን «ውርጭ መሬቱን ነፋው» ነው የሚባለው። አባቴ ከአመዳዩ ይልቅ ይሄን ነበር የሚፈራው። ምክንያቱም አመዳይ ቅጠሉን ይለበልባል፣ ያ የሚታይ ነው። ውርጩ መሬቱን ሲነፋው ግን አዲስ የበቀለው ገብስ ከነስሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ስሯ ክር ነው ይበጠሳል፣ ረፋድ ላይ ሲሟሟ ቡቃያዋ ጎኗን ብላ ስሯ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ታገኛታለህ። ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ሰውም ተረፈልን ብሎ ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ቢጫ። አባቴ ይሄ ሲሆን ጠዋት እኛን ሁሉ ሰብስቦ ማሳውን በእግራችን ያስረግጠን ነበር፣ ቡቃያዋ ተመልሳ አፈር እንድትይዝ ነው፣ አንዳንዷ ትተርፋለች።

ሌላ ደግሞ ሳር ያለበት ቦታ እንዲህ አይሆንም። ጓሳው የታጨደበት ወይ ከብት የጋጠው የተራቆተ ቦታ ላይ ነው የሚብሰው፣ አንዴ ከተራቆተ ደግሞ ሳሩ መልሶ አይበቅልበትም፣ በየሌሊቱ እየነቀለ ማን ይበቅላል። ያንተ መስመር ያለበትን ቦታ ገምቼዋለሁ እኔ ልጅ እያለሁ አንድ ጎጆ የማያህል መላጣ ነበር፣ አሁን ስንት ሆኗል?


ላስቴው_ጓይድ

እኔ ላስታ ተወልጄ ደሴ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ቱሪስት ይዞ ተራራ መውጣት ነው (ሥራ ሲኖር)። ጥቁር አፈር ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን ስለ ሦስተኛው ነገር ዝም አለ እኔ ልግባ።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ቀይ ቀበሮ ለማየት ሌሊት 11 ሰዓት ከካምፕ ስንነሳ የበረዶ መርፌውን እየሰበርን ነው የምንወጣው፣ ጅብራው ደግሞ ቅጠሉን ዘግቶ ጎመን ጥቅልል መስሎ ያድራል። እዛ ላይ ከትንንሾቹ መስመሮች ሌላ ሳር የለበሱ ያንተን የሚመስሉ ምላሶች አሉ። አንድ ጊዜ ይዣቸው የወጣሁ ተመራማሪዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት ውሃ የጠገበ አፈር በጣም በዝግታ፣ ዓይን በማያየው ፍጥነት ቁልቁል ሲፈስ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ሶሊፍላክሽን ይሉታል፣ ግንባሩ ላይ ሳሩ ይይዘውና እንደ ከረጢት ያብጣል። ደጋፊ ማስረጃው ደግሞ የሰሜን ተራሮች ላይ፣ አቡነ ዮሴፍም ላይ፣ በበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር የነበረበት ምልክት መገኘቱ ነው፣ ግግሩ ገፍቶ የቆለለው የድንጋይ ክምር እስካሁን አለ። ስለዚህ አገሩ ድሮ ከዛሬው በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

ግን ጉድ ማየት ከፈለጋችሁ ባሌ ሂዱ። ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ መኪና መንገዱ ራሱ በዛ ያልፋል፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ነው። ከፕላቶው ደቡባዊ ክፍል ላይ ያንተ አይነት የድንጋይ መስመሮች አሉ፣ ግን ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ያንተ ስንዝር አይሞላም፣ እነዛ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸው እስከ 2 ሜትር፣ ርዝመታቸው እስከ 1 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መጀመሪያ ሳያቸው የጥንት ሰው የሰራው ግንብ የፈረሰ ነበር የመሰለኝ። ድንጋዮቹ አንዳንዱ ሰው ቁመት ያህላል። የዛሬ የሳነቴ ውርጭ ይሄን ሊሰራ አይችልም፣ ከጥቂት ሳንቲ በታች አይወርድማ። ሁለት ሜትር ለመደርደር መሬቱ ሁለት ሜትር ድረስ እየቀዘቀዘ መሟሟት አለበት። የዛ የበረዶ ዘመን ቅርስ ነው፣ ዛሬ የማይንቀሳቀስ።

እዛው ባሌ አንድ ሌላ ማጭበርበሪያ አለ፣ ግዙፉ ፍልፈል። መሬቱን ቆፍሮ ቆፍሮ ጉብታ በጉብታ ያደርገዋል፣ ቱሪስቱ ሁሉ ውርጭ ነው ይላል፣ የፍልፈል ሥራ ነው። እናንተም ጋ ትንሹ ፍልፈል አለ፣ ጉብታ ባያችሁ ቁጥር ወደ በረዶ ዘመን አትሂዱ።


ጥቁር_አፈር (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ላስቴው ከፈልክልኝ። ሶሊፍላክሽን የሚለውን ቃል ያወጣው አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው፣ በ1906 እ.ኤ.አ.፣ ያየውም ደቡብ አትላንቲክ ላይ ፎክላንድ ደሴቶች ነው። ሰውዬው በኋላ ቻይና ሄዶ የፔኪንግ ሰው (የጥንት ሰው ቅሪተ አካል ነው) ወደተገኘበት ቁፋሮ ካስገቡት አንዱ ነው፣ ዕድሜ ሲሰጥ እንዲህ ነው።

የጦሳ ልጅ ምላሶቹን ለማጣራት፣ የከብት መንገድ ከሆነ ጠባብ ነው ዳገቱን ተሻግሮ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንዱ ከአንዱ ይያያዛል፣ ኮቴም አይጠፋበትም። የድሮ እርከን ከሆነ ግንባሩ ላይ በእጅ የተካበ ድንጋይ ታገኛለህ። እውነተኛው ምላስ ከሆነ ግን ግንባሩ ጋ ትንሽ ብትቆፍር ከስር ሌላ ጥቁር አፈር ተቀብሮ ታገኛለህ፣ የድሮው ሳር መሬት ማለት ነው፣ ምላሱ ላዩ ላይ ሄዶበታል። የሰው መሬት ስለሆነ አስፈቅደህ፣ የቆፈርከውንም መልሰህ። ሳታይ አልፈርድም፣ እዛ ሰፈር ሦስቱም አንድ ዳገት ላይ ሊገኙ ይችላሉ።


የመናፈሻ_ልጅ_ካልጋሪ

ወይ ደሴ! መናፈሻ ነው ያደግኩት አሁን ካናዳ ካልጋሪ ነኝ፣ ይሄን ሳነብ ሆዴ ባባ። እዚህ ይሄ ነገር የቤት ጉዳይ ነው። ቤት ሲሰራ መሠረቱ 1.2 ሜትር ድረስ ወርዶ ነው የሚጣለው፣ ውርጩ እስከዛ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከዛ በላይ ካስቀመጥከው ክረምት መጥቶ በረንዳህን ከቤትህ ይለያልሃል። እኔ የገዛሁት ቤት ጓሮ ውስጥ የነበረ አጥር ምሰሶዎቹ አጭር ተቀብረው በየዓመቱ ጥርስ እንደሚነቀል ቀስ ቀስ እያሉ ወጡ፣ አንዱን በሁለት እጄ መዝዤ አወጣሁት።

ከዚህ ወደ ሰሜን ርቆ አርክቲክ ዳር ቱክቶያክቱክ የሚባል ቦታ አለ፣ መሬቱ ከዓመት ዓመት የማይሟሟ ነው፣ ፐርማፍሮስት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከዜሮ በታች ወይም ዜሮ ላይ የቆየ መሬት ነው ይህን ስም የሚያገኘው። እዛ ውሃው ከስር እየቀዘቀዘ መሬቱን እንደ ኮረብታ ይነፋዋል፣ ፒንጎ ይባላል፣ ትልቁ ኢብዩክ የሚባለው 49 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ ውስጡ በረዶ ላዩ አፈርና ሳር። በአካል አላየሁትም በቪዲዮ ነው፣ ግን ለጋምቦ ላይ 4 ሳንቲ ያነሳውና ይሄን ያነሳው አንድ አባት ነው ብዬ ሳስብ ገረመኝ። ልዩነቱ እዚህ ክረምቱ ስድስት ወር ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ በየቀኑ በጋ በየሌሊቱ ክረምት።


ኮምቦልቻዊው

እሺ ተሸንፌያለሁ፣ ግን በወሬ አይደለም ሞክሬ ነው። የእህቴ ሱቅ ውስጥ የአይስክሬም ፍሪዘር አለ። ሁለት ሃይላንድ ቆርጬ አንዱን በግንባታ አሸዋ፣ አንዱን ከደሴ ያስመጣሁትን ደቃቅ አፈር ሞላሁ፣ የሁለቱንም ስራቸውን በስቼ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀመጥኩና ጎናቸውንና ታቻቸውን በስፖንጅ ጠቀለልኩ፣ ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ እንዲገባ። አፈሩ ላይ አንድ አንድ ጠጠር ቀበርኩ፣ አናቷ ብቻ እንድትታይ አድርጌ። እህቴ «ደንበኛዬ አይቶ ሱቄን ጭቃ ትሸጣለች ይለኛል» ብላ ልታባርረኝ ነበር።

ጠዋት ሳይ አሸዋው ያው ነው፣ ደርቆ እንደ ብሎኬት ጠንክሯል እንጂ ከፍ አላለም። አፈሩ ግን ከሃይላንዱ አፍ በላይ አንድ ሳንቲ ተኩል ወጥቷል፣ በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ ላይ እንደ ደብተር ገጽ ስስ ስስ የበረዶ ሽፋኖች አሉ በመሃላቸው አፈር። መርፌ አልሆነም ሽፋን ነው የሆነው፣ ጥቁር አፈር ለምን እንደሆነ ንገረኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና በራሱ ሟሟ፣ ከዛ መጣ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ደስ አለኝ። ከሁለት ዙር በኋላ ጠጠሯ ግማሽ ሰውነቷ ከአፈሩ ውጪ ነው፣ ዘምማ፣ ከስሯ በስንጥር ስነካው ባዶ።


ጥቁር_አፈር (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ኮምቦልቻዊው ይሄን ክፍል ውስጥ ላሰራው ነው፣ ፍሪዘር ያለው ተማሪ ይኑር እንጂ። መርፌ ያልሆነው ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ እየገባ ስለሄደ ነው። መርፌ የሚሆነው የበረዶው ግንባር አፈሩ ገጽ ላይ ሲቆም፣ ማለትም ከስር የሚመጣው ውሃና ሙቀት ከላይ ከሚወሰደው ጋር ሲመጣጠን ነው። ቅዝቃዜው በርትቶ ግንባሩ ወደ ታች ሲወርድ እየቆመ እየወረደ ሽፋን ሽፋን ይሰራል። ፍሪዘርህ ከለጋምቦ ሌሊት ይብሳል ማለት ነው።


የጦሳ_ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ። እሙ ሐያት፣ መላጣው አሁን የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ይሆናል፣ የአጎቴ ልጅም ድሮ ትንሽ ነበር ነው ያለኝ።

ለአርባቸው ስንወጣ ዝም ብዬ አልሄድኩም። የእህቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ 12 ጠጠር ቀባሁና መስመር ያለበት ተዳፋት ላይ ሁለት ችካል መትቼ ሲባጎ ወጥሬ ከሲባጎው ስር ደረደርኳቸው፣ ስድስቱን ደቃቁ አፈር ላይ ስድስቱን ጠጠሩ መስመር ላይ። የአጎቴ ልጅ እየሳቀ ነበር ግን ችካሉን አጥብቆ የመታልኝ እሱ ነው። ጉልበት የሚያህለውን ምላስ ግንባሩን አስፈቅጄ ክንዴ ድረስ ቆፈርን፣ ቡናማ ጠጠራም አፈር ሆኖ ወርዶ ከዛ ድንገት ጥቁር አፈር ከነበሰበሰ ስር መጣ። የቆፈርነውን መልሰናል። ከላዩ ያሉት ሁለቱ ግን ስናያቸው የተካበ ድንጋይ አላቸው፣ የአያቶቹ እርከን ነው አለኝ፣ ስለዚህ ጥቁር አፈር እንዳለው አንድ ዳገት ላይ ተደባልቀዋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ አቀስታ ገበያ ሲወርድ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ፣ ማስመሪያ ሰጥቼው ነበር። ጠጠሩ መስመር ላይ የነበሩት ከሲባጎው ንቅንቅ አላሉም፣ ደቃቁ አፈር ላይ የነበሩት ሁሉም ወርደዋል፣ ብዙ የሄደችው 7 ሳንቲ፣ ሁለቱ ደግሞ ጎን ወዳለው የጠጠር መስመር ገብተዋል። ግን አምስት ናቸው። ስድስተኛዋ የለችም፣ እረኞቹ ቀይ ናት ብለው ለገበጣ ወስደዋታል። በሚቀጥለው ከሆዳቸው በኩል ነው የምቀባቸው፣ ከላይ ሲታይ ተራ ጠጠር ይሆናል።


ጥቁር_አፈር (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ከሆዳቸው ቀባ እንዳትረሳ፣ ቀዩ ወደ ላይ ሆኖ ካገኘኸው እየተንሸራተተ ሳይሆን እየተገለበጠ ነው የወረደው።